መቻል፦ ከፍተኛ

ሰኞ፣ ጥር 6
ዛሬም ወሬ ወደ ቁጥር ስለውጥ ዋልኩ። ባልደረባዬ በየሰፈሩ ሰው ሰብስባ «ወደፊት ኑሯችሁ ምን ይመስላል? መብራት ቢያጥር ምን ታደርጋላችሁ?» ትላለች። ያሏትን ጽፋ ታመጣለች። እኔ ቁጥር ሰጥቼ ለኮምፒውተሩ ሞዴል አጎርሳለሁ፤ ሞዴሉ የትኛው ሰፈር ስንት መብራት እንደሚያገኝ ያሰላል። «ወሬ ሰብሳቢዋ» እላታለሁ። እሷ «ካልኩሌተር» ትለኛለች።
«የሰው ፈገግታ ስንት ኪሎዋት ነው?» አልኳት።
«አንተ ዘንድ? ዜሮ።»
አፏ አያርፍም!

ረቡዕ፣ ጥር 8
የታችኛው ሰፈር መጣ። ሰንጠረዡ ላይ «መብራት ሲቋረጥ — መቻል፦ ከፍተኛ» ብላለች። እሰይ፣ አቅም ያላቸው ተገኙ! ባትሪ ገዝተው ይሆናል፣ ወይ ሥራቸውን ወደ ቀን አዙረው... ትልቁን ቁጥር ሰጠኋቸው፤ ቁጥሩ የበዛለት ሰፈር እጥረት ሲመጣ ቀድሞ ይቀነስበታል። ትንሽ ገርሞኛል፣ የታላቅ እህቴ የእትዬ ሰፈር እኮ ነው። ግን ሰው ሲለወጥ እኛ መቼ እናውቃለን?

ዓርብ፣ ጥር 17
ሞዴሉ ውጤት ሰጠ። እጥረት ሲመጣ፣ ምሽት ምሽት መብራት የሚጠፋበት ታችኛው ሰፈር ብቻ። ደግሜ አስኬድኩት፣ ያው ነው። አለቃዬ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። «ማንንም ሳንጎዳ!» አለና ወደ ላይ ላከው።

እሑድ፣ ጥር 19
እትዬ ጋ ዋልኩ። ሳንባዋ ብሶባታል። የኦክስጅን ማሽኑ አልጋዋ ጎን ሲያጉረመርም ይውላል፤ ሶኬቱ ላይ ነው ሕይወቷ።
«ከሳህ፣ አትበላም እንዴ?» አለችኝ፣ እሷ አጥንቷ ወጥቶ። እናታችን ከሞተች ወዲህ እናቴም እህቴም እሷ ናት።
ዓይኔ ግን ቤቱን ሲበረብር ዋለ። ባትሪ የታል? ጎረቤትስ ጋ? የለም።

ሰኞ፣ ጥር 20
ወሬ ሰብሳቢዋን ያዝኳት።
«የታችኛው ሰፈር ሰዎች በምንድነው የሚችሉት?»
«በምን ማለት?»
«በባትሪ ነው? በጄኔሬተር?»
ትክ ብላ አየችኝ። «በሆዳቸው ነዋ! ቢጨልምባቸው ዝም፣ ቢርባቸው ዝም። ተጠንቀቁላቸው ለማለት እኮ ነው የጻፍኩት!»
ወይኔ ሰውዬው! እሷ ትዕግሥት ስትል እኔ አቅም አልኩት...
የስብሰባውን ድምፅ ከፈተችልኝ። አንዲት ሴት «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ እንችለዋለን» ትልና ትስቃለች። ከዚያ ሳል... ረጅም ሳል። ሳሉን የጻፈ የለም። እትዬ ናት።

ማክሰኞ፣ ጥር 21
ቁጥሩን አርሜ ሞዴሉን እንደገና አስኬድኩት። ጨለማው ለሁሉም ሰፈር ተካፈለ፣ ለኔም ጭምር። ይዤ ሮጥኩ።
«ተፈርሟል» አለ አለቃዬ። «ከሚቀጥለው ወር በሥራ ላይ ይውላል።»
«ቃሉን ተሳስቼ ነው!»
«የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፣ ወንድሜ። ራሳቸውስ እንችለዋለን ብለው የለ?»
«እህቴ በማሽን ነው የምትተነፍሰው!»
ተነስቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንተ ጋ ውሰዳት። ያንተ ሰፈር አይነካም» አለኝ።
ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔስ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ከቢሮው ሳልወጣ የትኛው ክፍል እንደሚበቃት እያሰብኩ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 2
አመጣኋት። ሐኪም ይቀርብሻል ብዬ ዋሸኋት።

ሰኞ፣ የካቲት 11
ተጀመረ። በመስኮቴ ታችኛው ሰፈር አይታይም፣ የለም ብትል ይሻላል።
«እዚህ ለምንድነው የማይጠፋው?» አለች እትዬ።
ነገርኳት። ሁሉንም። ትቆጣለች ብዬ ነበር...
«እዚያ እንደኔ በማሽን ያለ ሌላ ሰው እንዳለ ታውቃለህ?»
አላውቅም። ሞዴሉ እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም።
«ጡረተኛው አስተማሪ አለ። ብቻውን ነው። ደውልለት።»
ደወልኩ። አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ።
«አትደውል፣ ሂድ!»

ሐሙስ፣ የካቲት 14
አስተማሪውን ዛሬ ቀበርነው። በሩን የሰበርኩት እኔ ነኝ።
እትዬ ሐኪም ቤት ባዋሰን ትንሽ የኦክስጅን ጠርሙስ ቀብር ደርሳ፣ ጠርሙሱ ሲያልቅ ቀጥ ብላ ቤቷ ገባች። አልመለስም አለች። ለመንኳት፣ እግሯ ላይ ወደቅኩ። «ጎረቤቶቼን ጨለማ ውስጥ ትቼ ያንተን መብራት ልሙቅ?» ማሽኗን አምጥቼ ሰካሁላት፤ እኔም እዚሁ ነኝ።
ወሬ ሰብሳቢዋ የመኪና ባትሪ አሸክማ መጣች። ዛሬ አትቀልድም። ከማሽኑ ጋር ልናገናኘው ስንታገል ቆየን፤ እንቢ አለን። አንድ ኤሌክትሪሻን ልትፈልግ ወጥታለች፣ አልተመለሰችም።
እትዬ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ በር በሩን ታያለች። ስንት ሰዓት ነው አትለኝም። መብራቱ የሚጠፋበትን ሰዓት ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።
አሁን ነው።