መብራት ሳያበሩ ለቅሶ ለሚያደርሱን የእድራችን ሊቀመንበር

ለተከበሩ አቶ ቂርቆስ፣
የእድራችን ሊቀመንበር፣ የግራጫዋ ሚኒቫን ባለቤትና ብቸኛ ሾፌር
ፍሮግታውን፣ ሚኒሶታ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ከርሟል? ወገብዎስ ተሻለው? ዓይንዎን ግን አልጠይቅም፤ እርስዎ ያያሉ። የቸገረው እርስዎን ማየት ነው።

እኔ የወይዘሮ አያንቱ ልጅ ዮሚፍ ነኝ፤ ኮሌጅ ጀምሮ የተወው፣ አምና በእድሩ አዳራሽ በር ላይ «ዛሬ ስብሰባ የለም» ብሎ ለጥፎ ሕዝቡን የመለሰው። ዛሬ ግን ቀልድ አልያዝኩም፤ ቢበዛ ትንሽ። በእድሩ ቫይበር ግሩፕ ላይ የምጽፈውም አባል ሁሉ እንዲያነበው ነው። እንደሚታወቀው እናቴና ጓደኞቿ ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪናዎ ለቅሶ ይደርሳሉ። ባለፈው ቅዳሜ ወደ ብሩክሊን ሴንተር ለቅሶ ስትሄዱ እኔም በአክስቴ ልጅ መኪና ከኋላችሁ ድራይቭ አደርግ ስለነበር፣ ያየሁትን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ከመነሣትዎ በፊት ከፊት መስታወቱ ላይ የሳህን ያህል በረዶ ጠርገው «በቃ፣ ይታየኛል» ብለው ገቡ። የኋላ መብራቶቹ በረዶ ለብሰው ነበር። ከእናቴ ጓደኞች አንዷ እትዬ ባየሽ በተከፈተው በር «ኧረ ኋላውንም ይጥረጉት እንጂ» ቢሉ፣ «ኋላችንን ማን ፈለገው፣ እትዬ!» ብለው መኪናውን ሙሉ አሳቁ። እኔ ፈልጌው ነበር፣ ጌታዬ።

ሁለተኛ፤ ሰማዩ ሲደፈርስ መብራት አላበሩም። ከፊት በራሷ የምትበራዋን የቀን መብራት አይተው ሁሉም የበራ መስሎዎት ይሆናል፤ እሷ የኋላውን አታበራም። ግራጫ መኪና፣ ግራጫ አስፋልት፣ ግራጫ ሰማይ። ሃይዌይ ላይ አንድ ጊዜ ጨርሰው ጠፉ። እናቴን የጫነ መኪና ከፊቴ የለም። ፍሬን ስረግጥ ባምፐርዎ አፍንጫዬ ሥር ከች አለ። በሁሉም ነገር እንደምስቅ ያውቃሉ፤ በዚያች አልሳቅሁም።

ሦስተኛ፤ በረዶው ሲብስ ደግሞ ከምንም ተነሥተው ረጅሙን መብራት ለቀቁት። ረጅም መብራት በረዶ ውስጥ ተመልሶ የነጂውን ዓይን ነው የሚመታው፤ ከፊት ነጭ ግድግዳ ይቆማል። አጭሩን አብርቶ ቀስ ማለት ነው። ይህንን የማውቀው ጎበዝ ሆኜ ሳይሆን የመንጃ ፈቃድ ፈተና እስካልፍ ድረስ እየወደቅሁ ደጋግሜ ስላጠናሁት ነው።

አራተኛ፤ ለቅሶ ቤቱ ጋ ልትደርሱ ስትሉ ከፊት ለፊት አንድ ፒካፕ ወደ ግራ ሊታጠፍ ቆሞ ነበር። እርስዎ ረጅሙን ብልጭ ብልጭ አደረጉበት። በእኛ አገር «እየመጣሁ ነው፣ እንዳትገባ!» ማለት ነው። የሚኒሶታው ሰውዬ ግን «እለፍ ወንድሜ» ያሉት መሰለው፤ እጁን አውለብልቦ አመስግኖዎት ገባ። ሚኒቫኗ ተንሸራትታ ተንሸራትታ ከፒካፑ በር አንድ ክንድ ሲቀር ቆመች። እርስዎም መስኮት አውርደው «መንዳት የማይችል ፈረንጅ!» አሉ። እናቶቻችን ለቅሶ ቤት የገቡት እንባቸውን መንገድ ላይ ጨርሰው ነው፤ ያለቀሱትም ለሟቹ አልነበረም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን ከልብ አመሰግናለሁ። ሌላው ሊቀመንበር ሰው እስኪሞት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ እርስዎ ግን የእድሩ ሥራ እንዳይቀዘቅዝ በራስዎ ቤንዚን ይደክማሉ። ድንኳኑም ወንበሩም ተዘጋጅቷል፤ የሚጎድለን ስም ብቻ ነው። ማንኛችን ያለ እናት እንደሚያድር የሚወስኑት እንግዲህ የእርስዎ ጣትና መሪው ሥር ያለችው ማብሪያ ናቸው።

ከእግርዎ ጫማ ዝቅ ብሎ፣ ከባምፐርዎ ግን በቂ ርቀት ጠብቆ እጅ የሚነሣዎት፣
ታዛዥ ልጅዎ ዮሚፍ

ማስታወሻ፤ ይህን ከመላኬ በፊት ለእናቴ አነበብኩላት። «በመኪናው አትሂጂ» ብላት «ሰውየው ምን ይለኛል!» አለች። «ታላቅ ሰው እንዲህ ይጻፍበታል? አሳፈርከኝ!» ብላም ተቆጣች። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ከባድ በረዶ ይጥላል ተብሏል። ስለ እኔ ብልግና ይቅርታ ልትጠይቅዎት ከኋላ ወንበር ተነሥታ ከፊት፣ ከጎንዎ ልትቀመጥ ወስናለች። ጋሼ ቂርቆስ፣ እባክዎን መብራቱን ያብሩ።