ያልነዳሁት ማክሰኞ

ከባንጎር፣ ዌልስ

ይድረስ ለእናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ? በጎቹስ ዝናቡን ቻሉት? እኔ ደህና ነኝ፤ ቁጭ ብዬ መጻፍ ግን አቃተኝ። አንድ መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ መስኮቱ ጋ ደርሼ እመለሳለሁ። ፊደሉን ያጎላሁት ሳትቸገሪ እንድታነቢው ነው።

የፖሊስ ወረቀት ደረሰኝ። መኪናሽ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ በሰዓት ሠላሳ ማይል በተፈቀደበት የድልድዩ መንገድ በአርባ አራት ስትበር ካሜራ አንስቷታል። ማን ይነዳ ነበር ተብለሽ ስትጠየቂ የእኔን ስም ጽፈሻል። ሳትነግሪኝ። ስደውልልሽ፣ «የነዳው ኤምሪስ ነው፤ ወንድምሽ መንጃ ፈቃዱ ላይ ዘጠኝ የቅጣት ነጥብ አለበት፣ ሦስት ከጨመሩበት ስድስት ወር መንዳት ይከለክሉታል። የዳቦ መኪናውን ማን ሊነዳለት ነው? አንቺ ያለብሽ ሦስት ብቻ፣ ምን ትሆኛለሽ? ፎቶው እንደሆነ ከኋላ ነው፣ ፊት አይታይም» አልሽኝ።

ምን እንደምሆን ልንገርሽ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና አሥራ አራት ወሬ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ስድስት ነጥብ የሞላበት ሰው ፈቃዱ ይሰረዛል፤ እንደ ጀማሪ እንደገና ይፈተናል። እኔ ደግሞ አዋላጅ ነኝ። ተራራው ላይ ምጥ የያዛት ሴት አውቶቡስ እስኪመጣልኝ አትጠብቀኝም። ይህ ግን ትንሹ ነው። ሳይነዳ ነዳሁ ብሎ የፈረመ ይታሰራል፤ ያስፈረመውም ይታሰራል። ነጥብ እንደ ድንች ከአንዱ ጆንያ ወደ ሌላው አይገለበጥም፣ እማዬ።

ያን ማክሰኞ ከንጋት እስከ ማታ ማዋለጃ ክፍል ነበርኩ፤ መዝገቡ ይመሰክራል። ስለዚህ አልፈርምም። ለኤምሪስ ሲባል ብስክሌቴን ሰጥቻለሁ፣ ክፍሌን ለቅቄያለሁ። ስሜን ግን አልሰጥም።

ትናንት ልሰድበው ደወልኩለት። ሳቀብኝ። «ያቺን የእማዬን የክብሪት ሳጥን? ከገና ወዲህ ገብቼባት አላውቅም፤ ጉልበቴ አገጬን ይመታኛል እኮ» አለኝ። ሌላ አልጠየቅኩትም።

እሁድ ወደ ጸሎት ቤት ስወስድሽ የሹፌሩ ወንበር መሪው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ለመግባት ወደ ኋላ ገፋሁት። በአንቺ ቁመት ልክ የተስተካከለ መሆኑን ያኔ ልብ አላልኩም። የዓይን ሐኪሙ መሪ እንዳትነኪ የነገረሽ ከፋሲካ በፊት ነው። መኪና ከሌለ እዚያ ኮረብታ ላይ ከበጎችሽ ጋር ብቻሽን እንደምትቀሪም አውቃለሁ።

ለፖሊስ እኔ እንዳልነዳሁ ብቻ ጽፌያለሁ፤ የሌላ ሰው ስም አልጻፍኩም። ፖስታውን ሰኞ አስገባለሁ። ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁና አንቺ የጻፍሽውን አብረን እናርማለን። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪልኝ።

እስከዚያ ድረስ እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ ከመሪውም ያርቅሽ። ከዚያ ወዲያ ወደምትፈልጊበት ሁሉ እኔ እወስድሻለሁ፤ ፈቃዴ እጄ ላይ ካለ።

የተቆጣችው ልጅሽ