ያልተሰነጠቀው ጀሶ

ሐሙስ ከሰዓት፣ ከድንኳኑ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሆድሽስ እንዴት ነው? የእግርሽ እብጠት ጎደለ ወይስ እንዳለ ነው? እኛ አለን፤ አባትሽ ጉልበቱን ከማማረሩ በቀር ጤነኞች ነን። ይህን በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ሞክሬ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ግን ወኔዬ ከዳኝና ስለ አየሩ አወራሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። የጎረቤታችን ልጅ ነገ ወደ አንቺ ዘንድ ስለምትበር በእጇ ልኬልሻለሁ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ከተራራው አናት ጭስ መውጣት ከጀመረ ወዲህ መሬቱ አላረፈም። ቤቶቹን ሊመረምር የተላከው መሐንዲስ እንዳስረዳኝ፣ ከሥር የቀለጠ ዓለት ሽቅብ እየገፋ፣ መሬቱም ግራና ቀኝ እየተሳሳበ ነው። እኔ ልብስ ሰፊዋ የገባኝ ስፌቱ እየለቀቀ መሆኑ ነው። ሰዉም ለምዶታል። ሲነቃነቅ ብርጭቆውን ይይዛል፣ ሲቆም ወሬውን ይቀጥላል።

የቤታችን ግድግዳ በአንቺ ክፍል በኩል ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰነጠቀ። መሐንዲሱ እኛን ወደ ድንኳን አስወጣንና ስንጥቁን አግድም የሚያቋርጥ የመዳፍ ስፋት ያለው ጀሶ ለጠፈበት። "ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየሄደ ነው ማለት ነው፤ እንዳትነኩት፣ ለእኔ ንገሩኝ" አለኝ። ይህን ሲል አባትሽ ውሃ ሊቀዳ ሄዶ ነበር። እኔም ለእሱም ለብቻው የነገረው መስሎኝ ሳልነግረው ቀረሁ።

አባትሽን ታውቂዋለሽ፤ ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ ሲለስን የኖረ ሰው ነው። የተሰነጠቀ ልስን አይቶ ማለፍ አይሆንለትም፤ ሰው ቤት ተጋብዞ እንኳ ግድግዳ እየዳበሰ ስንቴ አሳፍሮናል። ጠዋት ጠዋት ቤቱን ሊያይ ይሄዳል፤ ጀሶው ተሰንጥቆ ያገኘዋል፤ አዲስ በጥብጦ አሳምሮ ይለጥፈዋል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። መሐንዲሱ ተመልሶ ሲያይ ጀሶው ጭረት እንኳ የለውም። "ቤታችሁ አርፏል፤ ብትገቡም ግድ የለም" አለን። አባትሽ ደውሎ "ነይ፣ ክፍልሽ ውስጥ ትታረሻለሽ" ያለሽ ያን ዕለት ነው። አንቺም ቲኬት ቆረጥሽ።

እኔ በደስታ አልጋሽን ላነጥፍ ስገባ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ጀሶው እጄ ላይ ቀረ፤ ገና እርጥብ ነው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ጠገንኩታ።"

"ለምን?"

"ተሰንጥቆ ነዋ። ያ መሐንዲስሽ ለልስን እጅ የለውም፤ የለጠፈው ሁሉ በማግስቱ ይተረተራል።"

ነገሩን ሳስረዳው ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠበት። ከዚያም፣ "መጥታ ትውለድና ለመሐንዲሱ እንነግረዋለን። እስከዚያ እኔ እጠብቀዋለሁ" አለኝ። ግድግዳ እንደ ከብት የሚጠበቅ ይመስል። መምጣትሽን እንዴት እንደሚፈልገው የዚያን ጊዜ አየሁ። እኔ ግን ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር መሐንዲሱ ዘንድ ሄድኩ፤ መጥቶ በሩን ዘጋው። አባትሽም አኮረፈኝ። እራቱን ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር የሚበላው።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ከበድ ያለው መጣ። ሁላችንም ድንኳን ውስጥ ነበርን፤ ማንም አልተጎዳም። ግድግዳው ወደ ውስጥ ነው የወደቀው፣ አልጋሽ ላይ። ከጡቡ ሥር ያነጠፍኩት አንሶላ ጫፉ ይታያል። አባትሽ በመስኮቱ አየና ተመልሶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ኩርፊያውም በዚያው አበቃ። እኔ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ አልፈራሁም። የፈራሁት አንሶላውን ካየሁ በኋላ ነው።

እንግዲህ ቲኬቱን አሰርዢው። የመጀመሪያ ልጅሽን ታቅፌ መቀበል የዘወትር ምኞቴ ነበር፤ ሲቀርብኝ አንጀቴን ይበላኛል፣ ለምን እዋሽሻለሁ? አማትሽ አጠገብሽ ይሁኑ፤ አልቀናም። ትንሽ እቀና ይሆናል። ፈጣሪ በሰላም ይገላግልሽ፣ የወለድሽውንም ያሳድግልሽ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።

እሁድ ስትደውዪ አባትሽም እኔም "አትምጪ" እንልሻለን። ከልባችን እንዳይመስልሽ። ግን እሺ በይን።

እናትሽ