ፀጉረ ልውጥ

ይድረስ ለወንድምጋሼ አሰፋ፤ የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ጅግጅጋ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን።

ትናንት ቀበሌ ስለ ሰፈራችን ሌብነት ሰብስቦን ነበር። ያ ለፍላፊ ሊቀመንበር ስብሰባውን ሁሉ በሶማልኛ መራ። «ሌባው የሚመጣው በጨለማ ነው፤ የመንገድ መብራት ትከሉ» ብዬ በዚያው በሶማልኛ ብናገር፣ ገላመጠኝና «ፀጉረ ልውጥ ስታዩ ጠቁሙ» አለ፤ ይቺን ብቻ በአማርኛ! ቤቱ ሙሉ ዞሮ እኔን አየ፤ ልጆቿን አዝዬ ያሳደግኩላት ጎረቤቴ ሆዶ እንኳ ሳትቀር። ምን አባታቸው! አያታችን የተቀበሩት እዚህ አይደለም እንዴ? ይፈንዱ፣ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!

በል ልጆቹን ሳምልኝ፤ እመቤቴ ትጠብቅህ። ያቺ የጓሮ ክፍልህ ግን ተከራይታለች? እንዲያው ለመጠየቅ ያህል ነው።

እህትህ አክሱማዊት