ፀሐይ የመታቸው ነርቮች

ሰኞ
ላብራቶሪያችን ተዘጋ። እንደገና! ከመካከላችን አንዱ ልጅ ኮቪድ ስለተገኘበት ሁላችሁም ውጡ ተባልን። አማካሪዬ ስላይዶቼን፣ ናሙና የተለጠፈባቸውን መስታወቶች፣ ቤት እንድወስዳቸው ፈቀደችልኝ፤ ለሐሙስ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ተገኝቷል። "ፍሪጅ ውስጥ፣ ብርሃን እንዳያያቸው" ብላ ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ።

ላያቸው ላይ ያለው ከቀዶ ሕክምና የተገኘ የሰው ሲምፓቴቲክ ነርቭ ነው፤ ስንደነግጥ ልብን የሚያስሮጠው ዓይነት። አስቸኳይ ያልሆነ ኦፕራሲዮን ሁሉ ስለቆመ ሌላ አይመጣም። ኖራድሬናሊን የሚሠራውን ኢንዛይም በቀይ፣ ኒውሮፔፕታይድ ዋይ የሚባለውን በአረንጓዴ አቅልሜያለሁ። ሁለቱ መልእክተኞች አንድ ሴል ውስጥ አብረው ይኖራሉ? የዓመት ልፋቴ ይህቺ ጥያቄ ናት። ብርሃን ካገኛቸው ግን ቀለሙ ይጠፋል።

ማክሰኞ
የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን በኮቪድ ከሞቱ ወዲህ ማሚ ከውጭ የገባውን ሁሉ በረንዳ ላይ ፀሐይ ታስመታለች። ጫማ፣ ሽንኩርት፣ የአባዬ ጃኬት።

"ማሚ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለችውን ሳጥን እንዳትነኪብኝ" አልኳት።
"ምንድን ነው?"
"ነርቭ። የሰው።"

ፊቷ ተለዋወጠ። ምነው ዝም ባልኩ!

ረቡዕ
ከሱቅ ስመለስ ስላይዶቼ በረንዳ ላይ፣ ከሽንኩርቱ አጠገብ ተሰጥተዋል! የጆሃንስበርግ ክረምት ደግሞ ዝናብ የለውም፤ ፀሐዩ ይፋጃል። እየጮህኩ ለቀምኳቸው። አንዷን ከአባዬ ጃኬት እጅጌ ሥር ነው የጎተትኳት።

"ከሆስፒታል የመጣ የሰው ሥጋ ከምግባችን ጋር ይደር? ፀሐይ ይምታው ብዬ ነዋ! ለሰውየውም ጸልዬለታለሁ።"
"ማሚ፣ ሲሪየስሊ?"

ልቤ ይደልቃል፤ ኖራድሬናሊን። መዳፌ ያልበኛል፤ ሌላው የነርቭ መልእክተኛ፣ አሴቲልኮሊን። ሁሉንም አውቀዋለሁ፣ ማወቄ ግን ቅንጣት አላረጋጋኝም።

አባዬ ነገሩን ከማሚ ሰምቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ቮስሎሩስ ካለው ሱቁ ደውሎ "ተይ እንጂ፣ እናትሽ ናት" አለኝ። እሺ፣ እናቴ ናት። ሥራዬስ?

እራት ሳልበላ ተኛሁ።

ሐሙስ
የመጀመሪያው ስላይድ ጨለማ። ሁለተኛው ጨለማ። ቀጥሎ ደብዛዛ ቀይ፤ አረንጓዴ የሚባል የለም። ማልቀስ ጀመርኩ፤ ማስኬ ራሰ።

መጨረሻ ላይ ከጃኬቱ ሥር የወጣችውን አስገባሁ። ቀይ! አረንጓዴ! ብዙዎቹ ሴሎች ውስጥ ሁለቱም አብረው! ብቻዬን ጮህኩ። አንድ ስላይድ ይበቃ እንደሆነ አማካሪዬም እርግጠኛ አይደለችም፤ "ያለሽን ላኪልኝ፣ እንየው" አለችኝ።

ማታ ፎቶውን ከነኩርፊያዬ ለማሚ አሳየኋት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ቀዩንና አረንጓዴውን በጣቷ እያሰፋች አየችው።

"ሰውየው ግን ተሻለው?"

ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኩም። "አላውቅም ማሚ። ስሙን እንኳ አልነገሩንም።"

አሁንም አልበረደልኝም። እሷ ግን ይዤው የተመለስኩትን ሳጥን ብርሃን እንዳያገኘው በጥቁር ሻሿ ጠቅልላ ፍሪጁ ውስጥ፣ ከሽንኩርቱ አጠገብ መለሰችው።