ከቀሚሶቹ ሥር ያሉት ቆርቆሮዎች

ውድ ፍራንሲን፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንድትረጂልኝ እፈልጋለሁ፦ የእናትሽን መኝታ ክፍል ከልብሶቻቸው ክፍል የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ ከልብሶቹ ሥር ደግሞ ክብሪት ሳይነካው ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል የሚችል ነገር ተቀምጧል። እስካሁን አልተቀጣጠለም። ይህ የእናትሽ ተንኮል አይደለም፤ እኔም የማንም መልእክተኛ ሆኜ አልጻፍኩም። ባለፈው ሳምንት ስደውልልሽ «እናትሽ» የሚለውን ቃል ሳልጨርስ ስልኩን ዘጋሽው። አልተቀየምኩም። ደብዳቤ ከስልክ ይልቅ ትዕግሥተኛ ነው፤ ብታስቀምጪውም ተመልሰሽ ታነሺዋለሽ። ብቻ ብዙ አታቆዪው።

ልብስ ስፌት ያስተማርኩሽ ሚስ ባክሊ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ረቡዕ ረቡዕ ወደ ኮረብታው ቤት እየወጣሁ የእናትሽን የፊልም ልብሶች እንከባከባለሁ። ቀለበቴን አውልቄ፣ እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ ነው የምገባው። እናትሽ ሁልጊዜ «እጅሽን አሳዪኝ» ይሉኛል፤ እኔም እንደ ተማሪ ዘርግቼ አሳያቸዋለሁ።

ያንን ዝነኛ ነጭ ቀሚስ ታስታውሺዋለሽ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ካንሳስ ውስጥ፣ ከሲኒማ ቤት እንደወጣሁ የእሱን አምሳያ ከእናቴ አንሶላ ሰፍቼ ነበር። የመጀመሪያው ረቡዕ በዓይኔ ሳየው ነጭ አልነበረም። የቀዘቀዘ ሻይ ነው የሚመስለው። ፈዝዤ ስቆም እናትሽ ሳቁብኝ።

«ነጭ ብለብስ ኖሮ የስቱዲዮው መብራት ከጨርቁ ላይ ነጥሮ ፊቴን ይበላው ነበር፣ ባክሊ! ሻይ ውስጥ ነው የነከሩት። ዓለም ሁሉ ግን ነጭ ነው ብሎ ማለ።»

«እኔ በእሱ ምክንያት አንሶላ ቀድጃለሁ» አልኳቸው።

«አንቺ ብቻ መሰልሽ? በዚያ ዓመት ካንሳስ ውስጥ አንሶላ ላይ የተኛ ሰው ያለ አይመስለኝም!»

እነዚህን ልብሶች እወዳቸዋለሁ፣ ፍራንሲን። በሰያፍ የተቆረጠው አረንጓዴ ሐር ከተሰቀለ በገዛ ክብደቱ ይረዝማል፤ ስለዚህ በሰፊ መሳቢያ ውስጥ እንደ ሕመምተኛ አስተኝተነዋል። ጥቁር ዶቃ የለበሰው ቀሚስ ሕፃን ልጅ ያህል ይከብዳል፤ ስታነሺው ዶቃው እርስ በርሱ ሹክሹክ ይላል። የውስጥ ስፌታቸው ከውጩ ያምራል፤ ካሜራ የማያየውን ጠርዝ እንኳ እንደዚያ በጥንቃቄ የሰፋው ማን እንደሆነ አላውቅም። ይህን የምነግርሽ አንቺ እነሱን ስለማትወጂ አይደለም። እንድትጠያቸው የሚያደርግ ምክንያት እንዳለሽ አውቃለሁ። በአሥራ አምስት ዓመትሽ ከክፍል ወጥተን ሳለ «ሚስ ባክሊ፣ ልብስ ብሆን ኖሮ ተጠንቅቃ ታጥፈኝ ነበር» ያልሽኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

አደጋውን መጀመሪያ የነገሩኝ ልብሶቹ ናቸው። ሙቀቱ ሲጀምር በብር ክር የተሸመነው ካባ ጠቆረ። ከዚያ የሻዩ ቀሚስ መንጠቆዎች አረንጓዴ ዝገት አወጡ። ክፍሉ ውስጥ ያልታጠበ ካልሲ የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ገባ። ቤቱን የምትይዘው ኦፌሊያ ወለሉን ሁሉ በርብራለች።

«ሴንዮራ አይጥ ሞታ ነው ይላሉ» አለችኝ፤ እመቤቷን በስፓኒሽ እንዲህ ነው የምትጠራው። «ፈልጌ ፈልጌ አጣኋት። ሞታም ከእኔ ትሸሸጋለች!»

አይጥ አልነበረም። ዝቅተኛውን መደርደሪያ ስስብ ከየቀሚሱ ሥር ክብ የፊልም ቆርቆሮ አገኘሁ። አንዳንዱ ክዳን እንደ ሆድ ተነፍቷል። የልብስ ሙከራ ፊልሞች ናቸው፤ ቀረጻ ሳይጀመር እያንዳንዱ ልብስ ካሜራ ፊት ይፈተን እንደነበር፣ እናትሽ ለብሰውት ፊታቸውን፣ ጎናቸውን፣ ጀርባቸውን ያዞሩ እንደነበር አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂያለሽ። ስቱዲዮው ሊጥላቸው ሲል እናትሽ ለምነው ወሰዷቸው። ከዚያ ልብስ የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚሳሳተውን ስሕተት ሠሩ፤ ብል እንዳይገባባቸው ብለው የየክዳኑን ዙሪያ በፕላስተር አሸጉት። ለሱፍ የሚበጀው ጥንቃቄ ለዚያ ዘመን ፊልም መርዝ ነው። ሲያረጅ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ፊልሙን ራሱን መልሶ ይበላዋል።

ይህን የነገረኝ በዩኒቨርሲቲ የፊልም ማከማቻ የሚሠራ ሰው ነው። በስልክ ቀስ እያለ ጠየቀኝ።

«የከፈቷቸው ቆርቆሮዎች ውስጣቸው ምን ይመስላል?»

«አንዱ እንደ ማር ተጣብቋል። ሌላው ቡናማ ዱቄት ሆኗል።»

«ዱቄቱን አይንኩት፣ እባክዎ። ክፍሉ ይሞቃል?»

«ከቀትር በኋላ ፀሐይ ይመታዋል።»

«ይህ ነገር አንዴ ከነደደ ውሃ አያጠፋውም። ውሃ ውስጥ ቢነከርም ይነድዳል። ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?»

እናትሽን ታውቂያቸዋለሽ።

ዓርብ ዕለት ሰውየው ቆርቆሮዎቹን በደንቡ ሊያነሳ መጣ። እናትሽ ከበረንዳው ሆነው መኪናውን አዩት፤ ተነሥተው ልብሶቹ ክፍል ገቡና ከውስጥ ቆለፉ። እኔና ኦፌሊያ በሩ ላይ ደረስን።

«ሚስ ላሴል፣ እባክዎ ይክፈቱ። ሰውየው ሊያማክርዎ ብቻ ነው የመጣው።»

«ሊያማክር የመጣ ሰው የጭነት መኪና ይዞ አይመጣም!»

ከዚያ ክብሪት ሲጫር ሰማሁ። ፍራንሲን፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የሲጋራው ሽታ በበሩ ሥር ወጥቶ ከዚያ ከሚከረክረው ሽታ ጋር ተቀላቀለ። ኦፌሊያ ክንዴን ጨመደደችው።

«ሴንዮራ! በማርያም ይሁንብዎ፣ ያጥፉት!»

«ሰውየው ይሂድ። ሲሄድ አጠፋለሁ።»

«እሺ፣ ይሄዳል፣ ይሄዳል» አልኩ። ሰውየው ፊቱ አመድ መስሎ መኪናውን አዙሮ ወረደ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ለምን እሳት አደጋ መከላከያ እንዳልጠራሁ ትጠይቂኝ ይሆናል። መልሴ ያ የክብሪት ድምፅ ነው። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው በበሩ ቢገባ ምን እንደሚያደርጉ አሁን አውቃለሁ።

በመጨረሻ በሩን ሲከፍቱ አንድ ቆርቆሮ ጭናቸው ላይ ነበር፤ ክዳኑ ያልተነፋ፣ ደኅነኛ። ከውስጡ የፊልሙን ጫፍ ሳብ አድርገው ሰጡኝ።

«መስኮቱ ላይ ያዢውና እዪው። መቼም አስተማሪ ሳታይ አታምንም።»

በጣቴ ጫፍ ይዤ ወደ ብርሃኑ አነሣሁት። የሻዩ ቀሚስ ነው። እናትሽ ወጣት ናቸው፤ ጀርባቸውን ሊያዞሩ ሲሉ አንዲት ትንሽ ልጅ የቀሚሱን ዘርፍ በሁለት እጇ ጨብጣ በቂጧ ወለሉ ላይ ትጎተታለች። በቀጣዮቹ ምስሎች እናትሽ ካሜራውን ረስተውታል። ጎንበስ ብለው ወደ ልጅቷ እየሳቁ ነው። ቀሚሱ ወለል ላይ ተጨማዷል፤ ግድም አልሰጣቸው።

«ደጋግመው አስጀመሩን» አሉኝ። «ሰው ሊወስዳት ሲሞክር ዘርፉን አትለቅም። ቀደደችው። ዳይሬክተሩ ይህ ፊልም ይጣል አለ። እኔ ደግሞ አይጣልም አልኩ።»

ዘርፉ ላይ ያለውን ቅዳጅ ልጠግነው ብዬ ስንት ጊዜ ለምኛቸዋለሁ! ሁሌም «እዚያ ጋ መርፌሽ እንዳይደርስ» ይሉኝ ነበር። ግትርነት ይመስለኝ ነበር።

«እንግዲያው ይህንን ብቻ ያውጡት፣ የተበላሹት ይወሰዱ» አልኳቸው።

«የእሷ ነው። ሁሉም የእሷ ነው። ያኖርኩት ለእሷ ነው። ፍራንሲን ራሷ ውሰዱ ካላለች አንድም ቆርቆሮ ከዚህ አይነቃነቅም።»

«ይደውሉላት ታዲያ።»

«አታነሳም» አሉና ፊልሙን እንደ ሪባን ጠቅልለው መለሱት። ከዚያ ቆርቆሮውን ወደ ቦታው፣ በተነፉት መካከል መልሰው አኖሩት። እጃቸውን ልይዛቸው ፈልጌ አልደፈርኩም።

ያየሁትን በስልክ ስነግረው ሰውየው እንዳለኝ ያ ፊልም ገና ጤነኛ ነው፤ በማይቃጠል ፊልም ላይ ሊገለበጥ ይችላል። ግን ከበሽተኞቹ ጋር በቆየ ቁጥር እሱም ይታመማል። እኔና ኦፌሊያ የምንችለውን አድርገናል። ጠዋት ጠዋት መስኮቶቹን እንከፍታለን፤ ፀሐይ ሳይመታ መጋረጃውን በብርድ ልብስ እንደርባለን፤ ክብሪቱን ሁሉ ኦፌሊያ ወደ ቤቷ ወስዳለች። እናትሽ ግን ክብሪት የሚደብቁበትን ቦታ እኔ አላውቅም። አልጋቸውን ወደ ታችኛው ፎቅ እናውርድ ብንላቸው ወደ ልብሶቹ ክፍል እያመለከቱ «እዚህ የሚጠብቁኝ አሉ» ብለው እምቢ አሉ።

ከትናንት ጀምሮ የበረሃው ነፋስ መጥቷል። ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ አየሩ ደርቆ የበር እጀታ ስትነኪ ብልጭታው ይቆነጥጥሻል። በምሥራቅ በኩል ካለው ኮረብታ ጭስ ይታያል። የእኛ አይደለም፤ ገና ሩቅ ነው። ቢሆንም ከእንቅልፌ ስነቃ መጀመሪያ የማደርገው በመስኮት ወደ እናትሽ ቤት ጣራ ማየት ነው። መጀመሪያ የፈራሁት ለልብሶቹ ነበር፤ አሁን ሁሉም ቢነዱ፣ የሻዩም ቀሚስ ጭምር ቢነድ፣ እናትሽ ብቻ በእግራቸው ደጅ ወጥተው ባየኋቸው።

ታረቂ አልልሽም። ያ የእናንተ የሁለታችሁ ጉዳይ ነው፤ እኔ የማውቀው ግማሹን ብቻ ነው። የምለምንሽ በገዛ እጅሽ የተጻፈ አንድ መስመር ነው፤ የእጅ ጽሑፍሽን ያውቁታል፣ የእኔን ቃል ግን አያምኑም። «ውሰዱት» ብቻ ብትዪ ይበቃል። «እማዬ» ብለሽ ብትጀምሪው ደግሞ በሩን ሳላንኳኳ የሚከፍቱልኝ ይመስለኛል። ነፋሱ ገና አይቆምም ይላሉ። እባክሽ፣ ልጄ፣ ይህን ደብዳቤ ሳታጥፊው ብዕር አንሺና ዛሬውኑ መልሺልኝ።

አክባሪሽ፣
ሆርተንስ ባክሊ