የ‹ሱታ› ትምህርት መሥራች የአቶ ሸምሱ ይማም ሕልፈት

ከቦርከና ዳር አረጋውያን መረዳጃ ማኅበር፣ ከሚሴ
ማክሰኞ የካቲት 15 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለማኅበሩ አባላት፣ ለከተማው ነዋሪና አቶ ሸምሱን ለሚያውቁ ሁሉ

አቶ ሸምሱ ይማም ማክሰኞ የካቲት 8 ቀን 2008 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ከሚሴ በሚገኘው ቤታቸው ወደ አኺራ ሄደዋል። የማኅበሩ ሀዘን ከባድ ነው። ከባድ የሆነበት ምክንያት ሳይሸሸግ እንዲጻፍ ኮሚቴው ተስማምቷል።

አቶ ሸምሱ በጨፋ ሸለቆ ከወጌሻ ቤት ተወለዱ። አባታቸው ጎትተውና ጠምዝዘው የሚያቃኑ፣ እጃቸው የሚፈራ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ከ1974 እስከ 1996 ዓ.ም. ደሴ ሆስፒታል ውስጥ በአካል ማገገሚያ ክፍል በረዳትነት ሲሠሩ ከአባታቸው የተለየ መንገድ ተማሩ። መንገዱ ሰውነትን በቀስታ እያንቀሳቀሱ ማላላት ነው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በግ ሲገፈፍ በቆዳውና በሥጋው መካከል ስስ ነጭ ሽፋን ይታያል። በሰውም ገላ ውስጥ እንዲህ ያለ ሽፋን አለ፤ ጡንቻን ሁሉ ጠቅልሎ ይይዛል። ሸክም፣ ጎንብሶ ማጨድ፣ ብዙ መቀመጥና ሐሳብ ይህን ሽፋን ያደርቁታል። ያን ጊዜ ሰው በገዛ ገላው ውስጥ ይታሰራል። አቶ ሸምሱ "የደረቀ ቁርበት ቢጎትቱት ይቀደዳል እንጂ አይለሰልስም" ይሉ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. በማኅበሩ አዳራሽ ትምህርቱን ጀመሩ። ሰኞ ባቲ ገበያ የዋለ ሰው ማግስቱን ወገቡ ስለሚያዝ ቀኑን ማክሰኞ አደረጉት። ተማሪው ሰሌን ላይ ተጋድሞ ጉልበቱን ያጥፋል፣ ያሳርፋል። የጨርቅ ኳስ ከትከሻው ሥር አድርጎ ይተነፍሳል። በእጁና በጉልበቱ ተደግፎ ጀርባውን ቀስ አድርጎ ያነሳል፣ ይለቃል። በመጨረሻም ዓይኑን ጨፍኖ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ይተኛል። የሚቸኩል ሰው ሲያዩ አቶ ሸምሱ በኦሮምኛ "ሱታ፣ ሱታ" ይላሉ፤ ቀስ በል ማለት ነው። የትምህርቱም ስም ሱታ ሆኖ ቀረ። በመጀመሪያው ዓመት ሃያ ሁለት ወንዶች ተመዘገቡ። ብዙዎቹ የመጡት የወጌሻው ልጅ ይጎትተናል ብለው ነው። ሳይጎተቱ ሲቀሩ ያኮረፉም ነበሩ።

በ1999 ዓ.ም. እህታቸውን ወ/ሮ ፋጡሜ ይማምን አሠልጥነው ሐሙስ ሐሙስ የሴቶች ትምህርት አስጀመሩ።

በ2001 ዓ.ም. ለስድስት ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰግዱ የነበሩት ተማሪያቸው ሐጂ ሙሀመድኑር ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ሱጁድ አደረጉ። ሐጂ ከዚያ በኋላ እያለቀሱ ለመነሳት ሲጣደፉ አቶ ሸምሱ "ሐጂ፣ ሲነሱም ሱታ ነው" ማለታቸውን በቦታው የነበሩ ሁሉ ይመሰክራሉ። ማኅበሩ በዘመኑ ካያቸው ሥራዎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በጊዜው ግን በመዝገብ አልተጻፈም፤ የተጻፈው አሁን ነው።

ኅዳር 14 ቀን 2003 ዓ.ም. ማኅበሩ ትምህርቱን ከለከለ። የአዳራሹ በር ወደ ምሥራቅ ነው፤ የስግደት አቅጣጫው ቂብላ ግን በሰሜን ነው። ብርሃን በዚያ ስለሚገባ ተማሪዎቹ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ይንበረከኩ ነበር። በመስኮት ያየ ሰው "ሽማግሎቹ ቂብላ ትተው ወደ በር ይሰግዳሉ" ብሎ አወራ፤ ወሬው ከሚሴን አልፎ ሰንበቴ ከተማ ደረሰ። በዚያ ቀን ስብሰባ የተባለው በቃለ ጉባኤው እንዲህ ሰፍሯል። አቶ ሸምሱ፦ "ስግደት አይደለም፤ ወገብ ነው።" ሊቀመንበሩ፦ "ቢሆንም ሰው ያየው ስግደት ነው።" ሐጂ ሙሀመድኑር ለሊቀመንበሩ፦ "አያ ቃሲም፣ አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ቂብላውን ታውቀዋለህ፤ እኔ መሬት ወርጄ ጠፋኝ?" ቤቱ ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ነገሩ እስኪጣራ ትምህርቱ ይቁም የሚል ደብዳቤ በዚያው ዕለት ተጻፈ። አቶ ሸምሱ የአዳራሹን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

ነገሩ ሳይጣራ ሁለት ዓመት አለፈ። በ2005 ዓ.ም. የመስጊዱ ኢማም ተጠይቀው "ገላን ማፍታታት ዒባዳ፣ አምልኮ፣ አይደለም፤ ወዴትም ቢዞሩ ነውር የለበትም" አሉ። ኮሚቴው ክልከላው እንዲነሳ ተስማማ። ሊቀመንበሩ ግን መልስ የሚሰጠው ላመለከተ ሰው ነው፣ አቶ ሸምሱ ማመልከቻ ያስገቡ አለ። አቶ ሸምሱ በሐጂ በኩል "እኔ ያቆምኩት ነገር የለም። ያቆመ ሰው ያስጀምር" ብለው ላኩ። ከዚህ በኋላ ሦስት ዓመት ሁለቱም ከቃላቸው አልተነቃነቁም። ጁምዓ ጁምዓ መስጊድ ይገናኛሉ። ሰላምታ ይለዋወጣሉ። የቤተሰብ ደኅንነት ይጠያየቃሉ። ይህን ነገር አያነሱም። በማኅበሩ ስም የተባለው ይህ የማመልከቻ ጉዳይ የሊቀመንበሩ ሐሳብ ነበር። መግለጫውን የሚጽፈውም እሱው ስለሆነ በሌላ ሰው ላይ አያላክክም።

አቶ ሸምሱ ትምህርቱን በቤታቸው ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ቀጠሉ። ወሬውን ከመፍራት የተነሳ የሴቶቹም የወንዶቹም ቁጥር ተመናመነ። ከሃያ ሁለቱ ወንዶች አራት ቀሩ፣ ቀጥሎም ሐጂ ሙሀመድኑር ብቻ። ሐጂ በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥራ አራት ወራት የመጣ ሰው የለም። አቶ ሸምሱ ሰዓቱን አልለወጡም። ወ/ሮ ፋጡሜ እንደነገሩን ማክሰኞ ጠዋት በሩን ይከፍታሉ፤ ለራሳቸው አንድ ሰሌን፣ ለሚመጣ ሰው ሌላ ሰሌን ያነጥፋሉ። "እስቲ ማንን ነው የምትጠብቀው?" ሲሏቸው "ወገቡ የታሰረ ሰው አይጠፋም" ይሉ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞም እንዲሁ አደረጉ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ወተት የምትሸጥ ጎረቤት ከባልንጀራዋ ጋር ስታልፍ በክፍት በሩ ሰላም አለች። አቶ ሸምሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ተጋድመው ነበር። ለባልንጀራዋ "ተይው፣ ሱታ ላይ ነው" ብላ አለፈች። ከእሷ በኋላ ሦስት ሰዎች በዚያ በር አልፈዋል። ሦስቱም አይተዋቸዋል፣ ሦስቱም እንዳይረብሿቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሄደዋል። የቀትሩ የዙህር አዛን ተብሎ ሳይነሱ ሲቀሩ ነው መሞታቸው የታወቀው። በእነዚህ ሰዎች ላይ ወቀሳ የለንም። አጠገባቸው ባለው ሰሌን ላይ አንድ ተማሪ ቢኖር ኖሮ ግን ይታወቅ ነበር። ያ ሰሌን ባዶ የሆነው በእኛ ደብዳቤ ነው።

ስለዚህ ማኅበሩ የኅዳር 14 ቀን 2003 ዓ.ም. ደብዳቤን ሽሯል። ደብዳቤው ስህተት ነበር። መሻሩ ለአቶ ሸምሱ እንደማይደርሳቸው እናውቃለን። አዳራሹ እንደ ቀድሞው ማክሰኞ ለወንዶች፣ ሐሙስ ለሴቶች ክፍት ይሆናል። ትምህርቱን እንዲመሩልን ለወ/ሮ ፋጡሜ በማኅበሩ ስም ማመልከቻ አስገብተናል። ሊቀመንበሩ በእጁ ጽፎ፣ ቤታቸው ሄዶ ሰጥቷል። ወ/ሮ ፋጡሜ ወረቀቱን ተቀብለው ሳያነቡ መደርደሪያ ላይ አኖሩት። "ሀዘኔ ይውጣ፣ ከዚያ አየዋለሁ" ብለዋል። ማኅበሩ አያስቸኩላቸውም።

እንዲህ ባለ መግለጫ ለቤተሰብና ለሥራ ባልደረባ ለየብቻ መጽናናትን መመኘት ልማድ ነው። የአቶ ሸምሱ ባለቤት ቀድመዋቸው አልፈዋል፤ ልጅ አልነበራቸውም። ቤተሰባቸውም ባልደረባቸውም ወ/ሮ ፋጡሜ ብቻ ናቸው። የሁለቱም ሀዘን በአንድ ሰው ላይ ወድቋልና አላህ የሁለት ሰው ሶብር ይስጣቸው። አቶ ሸምሱንም በጀነት ያሳርፍልን።

ይህ በተጻፈበት ቀን አዳራሹ ከጠዋት ጀምሮ ተከፍቷል። እስከ ዙህር ድረስ ከሊቀመንበሩ በቀር የመጣ ሰው የለም። በሚመጣው ማክሰኞም ይከፈታል።

ቃሲም እንድሪስ
የማኅበሩ ሊቀመንበር